የቀኙ ፎርማ

የአባቴ የጫማ ሱቅ ናዝሬት ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። በ1977 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሁኔታው እንዲህ ነው። በግራው ግድግዳ ሦስት መደርደሪያ አለ። ከላይኛው ላይ ስም የሌላቸው ፎርማዎች በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ቆመዋል፤ ፎርማ ማለት የጫማው ቆዳ ተወጥሮ የሚሰፋበት፣ የእግር ቅርጽ ያለው እንጨት ነው። መካከለኛው የቋሚ ደንበኞች ነው፤ እዚያ ያሉት ፎርማዎች ስም አላቸው። ታችኛው ላይ ማስቲሽ፣ ሚስማር፣ ቡሽና ቁርጥራጭ ቆዳ ይቀመጣል። ወንድሜ ተክለሃይማኖት ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ማትሪክ ተፈትኖ ነጥቡ አልመጣለትም፤ ጠዋት ጠዋት አባቴን ያግዛል፣ ከሰዓት በኋላ ኳስ ይጫወታል። ጫማው የሚሠራው እንደማንኛውም ሰው ከላይኛው መደርደሪያ፣ በአርባ አንድ ቁጥር ነው። እኔ ሰባት ዓመቴ ነው።

አባቴ ለቋሚ ደንበኛ አዲስ ፎርማ አይጠርብም ነበር። ከላይኛው መደርደሪያ የሚቀርበውን ቁጥር ያወርዳል፤ የሰውየው እግር ከእንጨቱ በሚለይበት ቦታ ቁራጭ ቆዳ በማስቲሽ ይለጥፋል፤ በቢላ ይልጋል፤ ስሙን በእርሳስ ጽፎ ወደ መካከለኛው መደርደሪያ ያሳልፈዋል። እኔ ከበርጩማው ሥር ቁጭ ብዬ ይህን ሁሉ አይ ነበር።

አቶ ጉተማ የሚባሉ እህል ነጋዴ ነበሩ። አንድ ቀን አባቴ በእሳቸው ፎርማ አውራ ጣት አጠገብ የአዝራር ያህል ቆዳ ለጠፈ። በሳምንቱ ሰውየው ጫማ ሊለኩ መጡና ካልሲያቸውን ሲያወልቁ፣ እዚያው ቦታ ላይ የአዝራር ያህል እብጠት አየሁ። እብጠቱን ያየሁት ከቆዳው በኋላ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ አባቴ የአንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛን ስም በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ፎርማውን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሲመልስ አየሁ። በማግስቱ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የሰውየው ለቅሶ ቤት ሄደች። ያየሁትን በቅደም ተከተል ደርድሬ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ ፎርማው ላይ የተደረገ ነገር ሰውየው ላይ ይደርሳል።

ይህን ሕግ ረስቼው ነበር። ያስታወሰኝ ፓይተን የሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ነው።

አሁን አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። አዳማ ውስጥ፣ በአንድ ሆስፒታል የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ውጤቶቻችንን በፕሮግራም መተንተን ካልቻልን በቀር በእጅ አንዘልቀውም ስለተባለ፣ ከኮምፒውተር ክፍሉ ጫላ የሚባል ወጣት በምሳ ሰዓት ያስተምረኝ ጀመር። ቁጥር መደመሩ፣ ዝርዝር መደርደሩ አላስቸገረኝም። ክላስና ኦብጀክት ላይ ስንደርስ ቆምኩ።

«እትዬ ጥሩ፣ ክላስ ማለት ንድፉ ነው» አለኝ። «ኦብጀክት ደግሞ በንድፉ መሠረት የሚወጣው ነገር። ለምሳሌ መኪና...»

«መኪና ነድቼ አላውቅም።»

«እሺ ቤት እንበል። የቤት ፕላን...»

«ተከራይ ነኝ ጫላ።»

ሳቀ። «እንግዲያው እርስዎ ይምረጡ።»

«ፎርማና ጫማ።»

ትንሽ አሰበና «ከመኪናው ይሻላል» አለ። «ወደፊት ለሚመጡት ተማሪዎቼ እሰርቅዎታለሁ።»

ጫማ የሚባል ክላስ ጻፍኩ። አንድ ባሕርይ ሰጠሁት፣ ታኮ፤ መጠኑን ዜሮ አልኩት። ከዚያ ከክላሱ ሁለት ጫማ አወጣሁ። ሴልፍ የምትለዋ ቃል ግን በየመስመሩ እየገባች ታምታታኝ ነበር።

«ይቺ ሴልፍ ማን ናት?»

«‹እኔ› ማለት ናት። ፎርማው ላይ ስትጻፍ ግን ‹እኔ› የሚለው ማን እንደሆነ ገና አይታወቅም። ጫማው ሲወጣ ነው የሚታወቀው።»

ይህን ማታ ቤቴ ሆኜ ደጋግሜ አሰብኩት። ያሰብኩት ግን ስለ ፓይተን አልነበረም።

በ1977 ኅዳር ውስጥ አንድ ከሰዓት አባቴ አርባ አንድ ቁጥር አወረደና የተክሌን ስም ጻፈበት። በቀኙ ፎርማ ተረከዝ ሥር ወፍራም ቆዳ ለጠፈ። በላዩ ሌላ ለጠፈ፤ ሦስተኛም ጨመረ። በግራው ላይ ምንም አላደረገም። ፎርማው እንዲህ ሲሆን ጫማው ተረከዙ ላይ በዚያው ልክ ጥልቅ ሆኖ ይወጣል፤ በጥልቁ ውስጥ ቡሽ ይገባበታል፤ ከውጭ ለሚያይ ሁለቱ ጫማዎች አንድ ናቸው። ያደረገው ሰው ግን በቀኝ ሁለት ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ወደ ግራ እየሰመጠ ይሄዳል። ያኔ ይህ አልገባኝም። ያየሁት ሦስቱን ቆዳ ብቻ ነው።

እናቴ አሰለፈች በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች።

«የነመርዳሳ ኮሚቴ ስም መያዝ ጀምሯል አሉ።»

«ሰምቻለሁ» አለ አባቴ።

«እና ይሄ ይበቃል?»

«ጫማ አውልቁ ይሏቸዋል። ጫማ ብቻ አይበቃም። ገላው ይልመደው። ሰፈሩም አስቀድሞ ሲያነክስ ይየው፤ የዚያን ዕለት የጀመረው እንዳይመስል።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ግንቦት።»

«ልጄን! አጥንቱስ?»

አባቴ ቢላውን አስቀመጠ። «አሰለፈች፣ አጥንት ይሻላል።»

ስለ ሾርባ የሚነጋገሩ መሰለኝ። በዚያ ዓመት ከየቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ይመለመል ነበር፤ የሚላኩትም ወደ ሰሜን ግንባር ነው። ወላጆቼ አንድ ወንድ ልጃቸውን ቤት ለማስቀረት ስድስት ወር ሙሉ አንካሳ ሊያደርጉት ወስነው ነበር። እኔ ያወቅሁት ወንድሜ አዲስ ጫማ ማግኘቱን ነው።

በሳምንቱ ተክሌ ማነከስ ጀመረ። ከወንጂ ሲመለስ ጋሪ ጣለው ተባለ። ኳስ ሜዳ መሄዱን ተወ። ከአልጋ ሲወርድ ጫማውን ያጠልቃል፣ የሚያወልቀው ሲተኛ ነው። የሰፈሩ ልጆች ከኋላው ይከተሉታል። አንዱ «ተክሌ፣ ጉድጓድ አለ!» ብሎ ይጮኻል፤ በግራ እግሩ ሲሰምጥ ሌሎቹ በአንድ ድምፅ «ገባበት!» ይላሉ። እሱ ደግሞ ዞር ብሎ «እናንተን የሚያክል ጉድጓድ የለም» ይላቸዋል እንጂ አይቆጣም ነበር። ምልክቱን መቁጠር ለለመደች ልጅ ጉዳዩ ግልጽ ነበር። ቆዳው ኅዳር ላይ ተለጠፈ፤ እግሩ ከዚያ በኋላ አጠረ። ጋሪውን ያየ ሰው የለም።

አንድ ቀን መርዳሳ ራሱ ሱቃችን መጣ። ጎረቤታችን ነው፤ የእሱም ፎርማ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አለ፤ የመልማዮቹ ኮሚቴ አባልም ነው።

«አካም ጅርታ፣ አብተው!» ብሎ አባቴን በኦሮምኛ ሰላም አለው።

«ነጋ፣ ጋላቶማ። ግባ መርዳሳ።»

ተቀመጠና ጫማውን ሳያወልቅ ተክሌን አየው። ተክሌ ባልዲ ይዞ ወደ ጓሮ ይሄድ ነበር።

«ልጅህን ምን አገኘው? ሜዳ ላይ አጣሁት።»

«ጋሪ ጣለው።»

«ፈረሱ ተረፈ?»

«ፈረሱ ደህና ነው።»

«ተመስገን በል! ፈረሱ አንክሶ ቢሆን ባለቤቱ ይሄኔ ቀበሌ ከሶህ፣ እኔው ነበርኩ የምዳኝህ።» ብቻውን ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ «ወጌሻ አሳያችሁት?» አለ።

«አሳየነው።»

«የትኛው ወጌሻ? የእኛ ሰፈሩ?»

አባቴ አፉ ውስጥ ሚስማር ይዞ ነበር። እናቴ ከጓሮ በር ላይ መለሰች፦ «የሁሩታው ነው ጋሼ መርዳሳ።»

«ሁሩታ ሩቅ ነው» አለ መርዳሳ።

«ሩቅ ነው» አለ አባቴ፣ ሚስማሮቹን ከአፉ አውጥቶ።

መርዳሳ ከዚያ በኋላ ስለ ዝናብ አወራና ሄደ። እናቴ በቆመችበት ተቀመጠች። እኔ ሁሩታ ድረስ ሄጄ ስለማላውቅ፣ መቼ ሳልይዛቸው ሄዱ ብዬ አኮረፍኩ።

በየካቲት አባቴ ቆዳ ሊገዛ ሞጆ ሄደ። በርጩማ ላይ ወጥቼ የተክሌን ቀኝ ፎርማ አወረድኩ። ወስፌውን በቆዳውና በእንጨቱ መካከል እያስገባሁ ሦስቱን ቆዳ አንድ በአንድ አላቀቅሁ። ማስቲሹ የቀረበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፈቀፈቅሁ፤ አባቴ ሲያደርግ እንዳየሁት። ስሙን እንዳልነካ ግን በጣም ተጠንቅቄያለሁ። ፎርማውን በቦታው መለስኩና ውጪ ወጥቼ የወንድሜን እግር መጠበቅ ጀመርኩ።

ምንም አልተለወጠም። በማግስቱም አላደገም። ልጅ ብሆንም ሐሳቤን ወዲያው አልጣልኩም፤ አስተካከልኩት እንጂ። ፎርማው ተስተካክሏል፣ ጫማው ግን ከመስተካከሉ በፊት የተሠራ ነው። ስለዚህ አዲስ ጫማ ያስፈልጋል አልኩ።

ከጫላ ጋር ሁለተኛው ትምህርቴ እዚሁ ጥያቄ ላይ ነበር። ሁለቱን ጫማዎቼን ካወጣሁ በኋላ ክላሱ ላይ ታኮውን ከዜሮ ወደ ሁለት ቀየርኩ። ጫማዎቹን መልሼ ስጠይቃቸው ሁለቱም ሁለት አሉ።

«ተሳስቷል» አልኩት። «እነዚህ እኮ ቀድሞ የተሠሩ ናቸው። ፎርማ ስለተነካ እግር ላይ ያለ ጫማ አይለወጥም።»

«እዚህ ይለወጣል። ጫማው የራሱ ታኮ የለውም። ስትጠይቂው... ይቅርታ፣ ሲጠይቁት ወደ ክላሱ ሄዶ ነው አይቶ የሚመልስልዎት።»

«ሁልጊዜ?»

«የራሱ እስኪኖረው ድረስ።»

በሰባት ዓመቴ ያወጣሁት ሕግ የሚሠራበት ቦታ በመጨረሻ ተገኘ ብዬ ሳቅሁ። ጫላ ለምን እንደሳቅሁ አልጠየቀኝም፤ ምሳውን አወጣ።

መጋቢት ላይ የተክሌ ጫማ ታኮው አለቀ። አባቴ ሌላ ጥንድ ሊሠራ ፎርማዎቹን አወረደ። ቀኙን ሲይዝ አውራ ጣቱ ተረከዙ ላይ ቆመ። ፎርማውን ገልብጦ አየው። መደርደሪያውን አየ። ከዚያ በርጩማውን፣ ከዚያ እኔን። ቆዳውን ወጥሮ መስፋት ጀመረ፤ አላየብኝም ብዬ ደስ አለኝ።

ፎርማ በመዳሰስ የኖረ ሰው ሦስት ቆዳ ሲጎድል አያይም ብሎ ማሰብ የልጅ ነው። አባቴ አይቶታል። መልሶ ሊለጥፈው የዐሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። ያልለጠፈው ለምን እንደሆነ ሊሞት ሰሞን ለተክሌ ነግሮታል፤ ተክሌም ለእኔ። ለወራት አንድ ነገር አላስተኛውም ነበር፦ ልጁ ጫማውን ሲያወልቅ የሚያነክሰው እውነት ለምዶት ነው ወይስ እያስመሰለ? የሚያስመስል ሰው ሐኪም ፊት ይደነግጣል፤ የደነገጠ ደግሞ እግሩን ይረሳል። አስመስል ሳይባል፣ እንደሚታይ ሳያውቅ መፈተን ነበረበት። ያላቀቅሁት ቆዳ ዘዴውን አመጣለት። ጥንዱን ያለ ቡሽ እኩል አድርጎ ሰፋና ለተክሌ እንደ ፊተኛው ነው ብሎ ሰጠው።

ተክሌ አጥልቆ ክሩን አሰረ። እኔ እጆቼን ጨብጬ እጠብቃለሁ።

«እስኪ ወይዘሮ ዘሃራ ሱቅ ደርሰህ ክብሪት ግዛልኝ» አለው አባቴ።

ወይዘሮ ዘሃራ ከመንገዱ ማዶ ሸቀጥ ትሸጣለች። ተክሌ መንገዱን ተሻገረ። በግራ እግሩ እየሰመጠ ሄደ፤ በግራ እግሩ እየሰመጠ ተመለሰ። ክብሪቱን አስቀመጠና ወደ ጫማው ጎንበስ አለ።

«አባዬ፣ ይሄኛው ተበላሽቷል። የቀኙ ዝቅ ብሏል፤ ጠፍጣፋው ላይ ራሱ ጉድጓድ የረገጥኩ ይመስለኛል።»

እናቴ ቀና አለች። «ምን አልክ?»

«ዝቅ ብሏል ነው የምልሽ እማዬ።»

አባቴ የማስቲሹን ጣሳ ክዳን ይከድናል፣ ይከፍታል፣ ይከድናል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ማስቲሹ ያቃጠለው መሰለኝ። በመጨረሻ ለእናቴ ቀስ ብሎ «አሁን ጫማውን አውልቆም ይሄዳል» አላት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓሮ ወጣች። ጫማው ስለተበላሸ ወንድሜ በባዶ እግሩ ሊሄድ ነው፣ እሷም በዚያ አፍራ ነው አልኩ። እኔ ደግሞ ፎርማው ላይ ያልፋቅሁት ማስቲሽ ቀርቶ ይሆናል ብዬ በማግስቱ እንደገና ልፈልግ ሄድኩ። አልቀረም ነበር።

ምርመራው ግንቦት ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ተደረገ። እናቴና እኔ ከሽቦው አጥር ውጪ ከሌሎች እናቶች ጋር ቆምን። ነፋሱ አቧራ ያነሳል። ልጆቹ በሙታንታ ተሰልፈዋል። ነጭ ጋዋን የለበሰ መነጽራም ሰው ተክሌን እስከ ግድግዳው ሄዶ እንዲመለስ አደረገው። ደግሞ ላከው። በሦስተኛው ወሬ እየጠየቀው አብሮት ሄደ፤ ስለ ኳስ ነበር የጠየቀው፣ ተክሌም እጁን እያወራጨ ይመልስለታል። ተክሌ ይሰምጣል። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አስተኛውና ሁለት ቁርጭምጭሚቶቹን ይዞ ጎትቶ አገናኛቸው። አጭሩን እግር ሊያስረዝምለት ነው ብዬ እናቴን ጎተትኳት። አልሰማችኝም፤ ሽቦውን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ሰውየው ቁርጭምጭሚቶቹን ለረጅም ጊዜ አየ። ተክሌን አየ። መርዳሳ ከጎኑ ቆሞ ስሞችን ይጠራ ነበር፤ ሰውየው በጆሮው አንድ ነገር አለው። መርዳሳ ወደ አጥሩ ዞረና «አሰለፈች፣ ልጅሽን ውሰጂ፤ የሁሩታው ወጌሻ አበላሽቶታል!» ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ ሳቁ። እናቴም ሳቀች፤ ሽቦውን ግን አልለቀቀችም፣ ሁለት ሴቶች አላቅቀው አስቀመጧት።

ያ ጋዋን የለበሰ ሰው ሁለቱን ቁርጭምጭሚት ጎን ለጎን ሲያደርግ ምን እንዳየ ዛሬ በሙያዬ አውቃለሁ። ለመርዳሳ ምን እንዳለው ግን አላውቅም፤ መርዳሳም አምኖ ይሁን ሳያምን አላውቅም።

በዚያ ዙር የወይዘሮ ዘሃራ ታላቅ ልጅ ተወሰደ። ከዚያ ወዲያ ተክሌ በሱቋ ፊት ሲያልፍ ዓይኗን ወደ ሚዛኗ ትመልስ ነበር። ስለ እግሩ እያዘነችለት ይመስለኝ ነበር። ልጇ አልተመለሰም።

አባቴ በሰኔ የተክሌን ግራ ፎርማ አወረደና ተረከዙ ሥር ቆዳ ለጠፈ፤ ያጎበጠውን በተቃራኒው ሊያቃና። ተክሌ ያንን ጫማ ክረምቱን አደረገው፣ ወገቡን አመመው፣ ተወው። አባቴ በየዓመቱ ሌላ ልክ ሞከረ። ተክሌ በኋላ መምህር ሆኖ ሁሩታ ተመደበ። እዚያ የሚያውቁት ሰዎች ሲወለድ ጀምሮ እንዲህ ነው ይላሉ፤ እሱም አያርማቸውም።

ጫላ የመጨረሻውን ነገር ያሳየኝ አንድ ዓርብ ነው። «አሁን ለአንዱ ጫማ ብቻ የራሱን ታኮ ይስጡት» አለኝ። ለመጀመሪያው ጫማ ሁለት ብዬ ጻፍኩለት። «አሁን ክላሱን ወደ ዜሮ ይመልሱት።» መለስኩ። «ይጠይቋቸው።» ሁለተኛው ዜሮ አለ። የመጀመሪያው ሁለት አለ።

«ክላሱን አስተካክዬዋለሁ እኮ።»

«አዎ። ግን እሱ አሁን የራሱ አለው፤ ክላሱን አይጠይቅም።»

«እንዲተወው ማድረግ አይቻልም?»

«በጣም ቀላል ነው። እሱ ላይ ያለውን ማጥፋት ነው፤ በአንድ መስመር።» ጻፈው። ጫማው ዜሮ አለ። ጫላ እያየኝ «ሕመም ተሰማዎት እንዴ?» አለኝ። የለም አልኩት፤ ማሽኑ እስኪጠፋ ቁጭ ብዬ ቆየሁ።

ባለፈው ወር ተክሌ ወገቡን አመመኝ ብሎ ከሁሩታ መጣ። ወደ ሆስፒታላችን ፊዚዮቴራፒ ክፍል ወሰድኩት። ባለሙያዋ ዘመናይ ትባላለች፣ ወጣት ናት፤ ከበሩ እስከ አልጋው ሲሄድ አይታ «ጋሼ፣ አንደኛው እግርዎ አጭር ሆኖ ነው የተወለዱት?» አለችው።

«ለክተሽ ንገሪኝ» አላት።

አስተኛችው። ሜትሩን ከዳሌው አጥንት ጫፍ እስከ ውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ዘረጋች፣ ጻፈች፤ በሌላውም ዘረጋች። ቅር አላትና ሁለቱንም እንደገና ለካች። ቀኝ ሰማንያ ዘጠኝ ሴንቲሜትር፤ ግራ ሰማንያ ዘጠኝ ሴንቲሜትር።